ቺፑ ላይ ያልተጻፈው ጥያቄ

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ ወደ እንጦጦ በእግራችሁ ወጥታችሁ ታውቃላችሁ? ወይስ ከኮተቤ በላይ ያለውን የየካን ተራራ? ገና አጋማሹ ላይ ሳትደርሱ ትንፋሽ ያጥራል፣ ልብ ይደልቃል። በአጠገባችሁ ግን ትልቅ የእንጨት ሸክም ጀርባዋ ላይ ያሰረች ሴት ቁልቁል ትወርዳለች፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ አትሌቶች ተሰልፈው በሩጫ ያልፏችኋል። አዲስ አበባ ራሷ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የእንጦጦ ጫፍ ወደ 3,200 ሜትር ይጠጋል። እዚያ ላይ አየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ ያው 21 በመቶ ነው፤ የሚቀንሰው የአየሩ ግፊት ነው። ስለዚህ በአንድ ትንፋሽ የምታስገቡት ኦክስጅን ባሕር ጠረፍ ላይ የቆመ ሰው ከሚያገኘው ሁለት ሦስተኛው ያህል ብቻ ይሆናል።

ታዲያ እንዲህ ባለ ከፍታ ላይ ለሺህ ዓመታት የኖረ ሕዝብ ሰውነቱ ውስጥ የተለወጠ ነገር ይኖር ይሆን? ካለስ ዲኤንኤው ላይ የተለወጠው ፊደል የትኛው ነው? ይህን ጥያቄ ይዘው ወደ ኢትዮጵያ ተራሮች የመጡ ተመራማሪዎች ከተጠቀሙባቸው መሣሪያዎች ዋነኛው የዲኤንኤ ቺፕ ነው፤ ሙያተኞቹ ማይክሮአሬይ ይሉታል። በትንሽ ብርጭቆ ላይ መቶ ሺዎች፣ አንዳንዴም ሚሊዮን ጥያቄዎች የታጨቁበት ዕቃ ነው። ጎበዝ መሣሪያ ነው፤ ግን አንድ ጠባይ አለው። የሚመልሰው የተጻፈለትን ጥያቄ ብቻ ነው። ጥያቄው ሳይጻፍ የቀረ ለውጥ እንዴት ይገኛል? የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይኸው ነው። (ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።)

ሦስት ተራሮች፣ ሦስት ዓይነት ደም

በ1890 ፈረንሳዊው ሐኪም ቪዮ ወደ ፔሩ ተራሮች ወጣ። እዚያ በቆየባቸው ጥቂት ሳምንታት ውስጥ የራሱንና የጓደኛውን ደም ሲመረምር የቀይ የደም ሕዋሳቱ ቁጥር በጣም አሻቅቦ አገኘው። ነገሩ ትርጉም ይሰጣል። ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ያለው ሂሞግሎቢን የኦክስጅን ተሸካሚ ነው፤ ጭነቱ በየተሸካሚው ሲያንስ ሰውነት ተሸካሚ ይጨምራል። የፔሩና የቦሊቪያ ደገኞች ደም እስከ ዛሬም እንዲሁ ነው፤ 4,000 ሜትር አካባቢ የሚኖር ወንድ በአማካይ በአንድ ዴሲሊትር ደም 19 ግራም ገደማ ሂሞግሎቢን አለው። ችግሩ ተሸካሚው ሲበዛ ደሙ ይወፍራል፣ ልብም ያንን ወፍራም ደም መግፋት አለበት።

ብዙ ዘመን የተራራ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው ተብሎ ሲታመን ቆየ። በኋላ ግን የቲቤት ሰዎች ሲለኩ ሂሞግሎቢናቸው ባሕር ጠረፍ ላይ ካለ ሰው ብዙም አይለይም። ደማቸው ውስጥ ያለው የኦክስጅን ሙሌት ግን ዝቅ ያለ ነው። ያው ከፍታ፣ ሌላ መልስ።

ኢትዮጵያስ? በ1960ዎቹ በእንግሊዛዊው ጂ. ኤ. ሃሪሰን የተመራ ቡድን ከጎንደር በስተሰሜን ሁለት ቦታዎችን አነጻጽሮ ነበር፤ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ያለችውን ደባርቅንና 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለችውን አዲ አርቃይን። ውጤቱ በ1969 ታተመ። የሰውነት ልክና የደም ዓይነት ተመዘገበ፤ የዲኤንኤን ፊደል ለይቶ ማንበብ ግን ያኔ ገና አልተቻለም ነበር።

ትልቁ ድንገተኛ ውጤት የመጣው በ2002 ነው። አሜሪካዊቷ ሲንቲያ ቢል፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ሐኪም አምሃ ገብረመድኅንና ባልደረቦቻቸው ሰሜን ተራሮች ውስጥ አምባራስ በምትባል ቦታ፣ 3,530 ሜትር ላይ፣ የ236 ሰዎችን ደም ለኩ። ሂሞግሎቢኑ በአማካይ ለወንዶች 15.9፣ ለሴቶች 15.0 ግራም ሆነ። ያ ማለት ከባሕር ጠረፍ ሰው ብዙም አይርቅም። የኦክስጅን ሙሌቱስ? 95.3 በመቶ። ይህም ዝቅ ያለ አይደለም። እንደ ፔሩ ተሸካሚው አልበዛም፤ እንደ ቲቤት ጭነቱ አልጎደለም። ሰዎቹ ጭራሽ ተራራ ላይ ያሉ አይመስሉም!

ለዚህ የሚሆን ጊዜ ነበረ ወይ ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ነበረ። በ2019 ባሌ ውስጥ ፊንጫ ሃበራ ከሚባል የዋሻ መጠለያ በወጣው ጥናት መሠረት ሰዎች ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ባለው ዘመን 3,469 ሜትር ላይ እሳት እያነደዱ ይኖሩ ነበር። የዚያ ዘመን ሰዎች የዛሬዎቹ ደገኞች ቀጥተኛ አያቶች ናቸው ማለት አይደለም፤ ግን እዚህ አገር ሰውና ተራራ የተዋወቁት በጣም ቀደም ብሎ ነው። (ዳግማዊ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱስ? እነሱ የእንጦጦን ብርድ ለጥቂት ዓመታት ብቻ ችለው በ1886 ወደ ፍልውሃው ወረዱ፤ አዲስ አበባም ተቆረቆረች።)

ምርጫ ጥያቄ

አሁን ወደ መሣሪያው እንሂድ። ዲኤንኤ ኤ፣ ቲ፣ ጂ እና ሲ በሚባሉ አራት ፊደላት የተጻፈ ረጅም ጽሑፍ ነው። ሁለት ክሮች ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ ኤ ሁልጊዜ ከቲ ጋር፣ ጂ ሁልጊዜ ከሲ ጋር ይጣመራል። ቺፑ በሙሉ የተሠራው በዚህች አንዲት ጠባይ ላይ ነው። አጫጭር የዲኤንኤ ክሮች ብርጭቆው ላይ፣ እያንዳንዱ በታወቀ ቦታው፣ ይተከላሉ። ከሰው ደም የወጣው ዲኤንኤ ተቆራርጦ፣ የሚያበራ ቀለም ተደርጎበት ላያቸው ላይ ይፈስሳል። ጥንዱን ያገኘ ይጣበቃል፤ ያላገኘ ታጥቦ ይሄዳል። ከዚያ ብርጭቆው በሌዘር ሲታይ የበራው ነጥብ የትኛው እንደሆነ ይመዘገባል። ነጥቡ የማን እንደሆነ አስቀድሞ ስለሚታወቅ መልሱም ታወቀ ማለት ነው።

ሐሳቡ ድንገት የመጣ አይደለም። እንግሊዛዊው ኤድዊን ሳውዘርን በ1975 አንድ የተመረጠ የዲኤንኤ ቁራጭን በጥንዱ አጥምዶ ማግኘት እንደሚቻል አሳይቶ ነበር፤ ግን አንድ በአንድ ነው፣ ቀናትም ይፈጃል። በ1991 ስቲቨን ፎዶርና ባልደረቦቹ ከኮምፒውተር ቺፕ አሠራር የተዋሰ ዘዴ አሳተሙ፤ ብርሃን በቀዳዳ እያሳለፉ ብርጭቆው ላይ የፈለጉትን ክር በፈለጉት ቦታ ፊደል በፊደል መገንባት። በ1995 ደግሞ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የፓትሪክ ብራውን ቤተ ሙከራ በሮቦት እጅ 45 ጂኖችን ብርጭቆ ላይ አትሞ አሳየ። ጂኖቹ የሰው አይደሉም፤ የሰናፍጭ ዘመድ የሆነች ትንሽ አረም ናቸው።

ማትሪክ የተፈተነ፣ ወይም ሊፈተን ደብተሩን የከፈተ ሰው የቺፑን ጠባይ ከማንም በላይ ይረዳዋል። ቺፕ ምርጫ ጥያቄ ነው። ጥያቄው አስቀድሞ ታትሟል፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ታትመዋል። የእናንተ ሥራ ማጥቆር ነው። መልሳችሁ ከአራቱ ውጪ ከሆነስ? የምትጽፉበት ቦታ የለም። ጭራሽ ያልተጠየቃችሁትን ብታውቁስ? ምን ዋጋ አለው፣ ማንም አያይላችሁም።

ታዲያ ማንም የማያውቀውን ሚውቴሽን፣ ማለትም አዲስ የፊደል ለውጥ፣ በምርጫ ጥያቄ ማግኘት ይቻላል? የመጀመሪያው መልስ በ1996 መጣ፤ ትንሽ ጉልበተኛ መልስ ነው። ከእናት ብቻ የሚወረሰው ሚቶኮንድሪያ የሚባለው ትንሽ ዲኤንኤ 16,569 ፊደል አለው። ተመራማሪዎቹ ለእያንዳንዷ ፊደል አራቱንም አማራጭ ጠየቁ፤ እዚህ ቦታ ያለው ኤ ነው? ቲ ነው? ጂ ነው? ሲ ነው? ይህን ለሁለቱም ክሮች ካደረጋችሁ ለአንድ ፊደል ስምንት ጥያቄ ይሆናል። አባዙት፤ 132,552 ይመጣል። የቺፑ ክሮች ቁጥር እስከ 135,000 ይደርስ ነበር። በዚህ መንገድ ለውጡ የትም ይሁን የት፣ ከዚያ በፊት ታይቶ አይታወቅ፣ ቦታው ላይ ሌላ ነጥብ ይበራል። በዚያው ዓመት ከጡት ካንሰር ጋር የተያያዘውን ብራካ 1 የተባለ ጂን አንድ ትልቅ ክፍል በተመሳሳይ ዘዴ መመርመር እንደሚቻል ታየ። ድክመቱ ግን ወዲያው ታወቀ። ፊደል ሲቀየር ቺፑ ጎበዝ ነው፤ ፊደል ሲጨመር ወይም ሲጎድል ግን ነጥቦቹ ይደበዝዛሉ፣ “እዚህ አንድ ነገር ሆኗል” ከማለት በቀር ምን እንደሆነ አይናገሩም።

ሌላም ችግር አለ። የሰው ሙሉ ዲኤንኤ 3 ቢሊዮን ፊደል ገደማ ነው። በስምንት ስታባዙት 24 ቢሊዮን። ይህን የሚሸከም ብርጭቆ የለም።

የሠርግ አውቶቡስ

ስለዚህ መንገዱ ተቀየረ። ሁሉን ከመጠየቅ የተመረጠውን መጠየቅ፣ ሌላውን ከጎረቤቱ መገመት።

እንዲህ አስቡት። ሠርግ ላይ ከገጠር የመጣ አንድ አውቶቡስ ሙሉ እንግዳ አለ። እናንተ የምታውቁት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የደብረ ሲና ልጅ መሆኑን ታውቃላችሁ። አብረውት የወረዱትን አንድም ሰው ባታውቁ ከዚያው አካባቢ እንደመጡ ትገምታላችሁ፤ ብዙ ጊዜም ትክክል ናችሁ። ዲኤንኤም የሚወረሰው እንዲህ በጭነት ነው። ከእናትና ከአባት የሚመጣው ረጅም ረጅም ቁራጭ ሆኖ ነው፤ በአንድ ቁራጭ ላይ ያሉ ፊደላት አብረው ይጓዛሉ። ስለዚህ ቺፑ ላይ ያለ የታወቀ ፊደል ደገኞች ላይ በዝቶ ቆላ ላይ ካነሰ፣ ምክንያቱ ራሱ ያ ፊደል ላይሆን ይችላል፤ አጠገቡ የተቀመጠ፣ ማንም ስሙን የማያውቀው ተሳፋሪ ሊሆን ይችላል። ቺፑ ያልታወቀውን ሰው አያሳያችሁም። የወረደበትን አውቶቡስ ግን ይጠቁማል።

ይህ እንዲሠራ ማን ከማን ጋር እንደሚጓዝ የሚያሳይ ዝርዝር ያስፈልጋል። ሃፕማፕ የተባለው ዓለም አቀፍ ሥራ ዝርዝሩን ጀመረና በ2005 የመጀመሪያውን አሳተመ። 270 ገደማ ሰዎች ነበሩ፤ ከናይጄሪያ ኢባዳን የመጡ ዮሩባዎች፣ ከአሜሪካ ዩታ የመጡ የአውሮፓ ዝርያ ያላቸው ሰዎች፣ ቻይናውያን ከቤይጂንግ፣ ጃፓናውያን ከቶኪዮ። ከኢትዮጵያ አንድም ሰው አልነበረም። በኋላ 1000 ጂኖም በሚባለው ሰፊ ሥራ ውስጥም የለንም። የቺፕ አምራቾች ደግሞ ጥያቄያቸውን በብዛት የመረጡት ከእንዲህ ያለው ዝርዝር ነው። አያችሁ፣ ፈተናው የወጣው እኛ ካልተማርንበት መጽሐፍ ነው።

ለቲቤት ግን ቺፑ በደንብ ሠራ። በ2010 ሦስት ቡድኖች፣ ሁለቱ በቺፕ አንዱ የጂኖችን ፊደል በቀጥታ በማንበብ፣ ሁሉም ወደ አንድ ጂን አመለከቱ፤ ኢፓስ1። ኦክስጅን ሲያንስ ለሰውነት ማንቂያ የሚደውል ጂን ነው። ቺፑ ሰፈሩን ጠቆመ። በ2014 ያ ሰፈር ፊደል በፊደል ሲነበብ ደግሞ ማንም ያልጠበቀው ነገር ወጣ፤ ቁራጩ የመጣው ዴኒሶቫን ከሚባሉ፣ ዛሬ ከጠፉ የጥንት ሰዎች ነው። ይህን ቺፕ ብቻውን ሊናገር አይችልም ነበር። ማን ይጠይቀዋል?

ቺፑ ደጋ ሲወጣ

በ2012 ተራው የኢትዮጵያ ሆነ። የአና ዲ ሪየንዞ፣ የሲንቲያ ቢልና የአምሃ ገብረመድኅን ቡድን ከአማራና ከኦሮሞ፣ ከሁለቱም ደገኛና ቆለኛ ናሙና ወስዶ በቺፕ መረመረ። የደገኞቹ ናሙና ከሰሜን ተራሮችና ከባሌ ነው። መጀመሪያ የጠየቁት የቲቤትን ጥያቄ ነበር፤ ኢፓስ1ና ጓደኞቹ እዚህም ይሠራሉ? መልሱ አይሠሩም ሆነ። ቲቤት ላይ የሂሞግሎቢንን መጠን የሚወስኑት ለውጦች፣ በዚያው ሰፈር ያሉ ሌሎችም፣ ኢትዮጵያውያን ላይ ምንም አላሳዩም። አማሮቹ ላይ ሌላ አንድ ፊደል፣ በመዝገብ ቁጥሩ አርኤስ10803083 የሚባል፣ ከሂሞግሎቢን መጠን ጋር በግልጽ ተያይዞ ተገኘ። የኦክስጅን ሙሌትን የሚያብራራ ግን በሁለቱም ሕዝቦች ላይ አልተገኘም።

እኔን ሁሌ የሚያስገርመኝ ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። ቡድኑ ቺፑን “ደገኛና ቆለኛ ከሁሉ በላይ የሚለያዩት የት ላይ ነው?” ብሎ ሲጠይቀው፣ ጎልተው የወጡት ስለ ትንፋሽ አይደሉም፤ ሰውነት ከበሽታ አምጪ ተሕዋስያን ጋር በሚዋጋባቸው ጂኖች ላይ ያሉ ለውጦች ናቸው። እስቲ አስቡት። የደጋ ሰው ቆላ ወርዶ ማደርን ይፈራ የነበረው በከንቱ ነው? ድሮ ንዳድ ይባል የነበረው ወባ አገራችን ውስጥ በአብዛኛው ከ2,000 ሜትር በታች ነው የሚገኘው። ተራራ ላይ የሚኖር ሰው ኦክስጅን ያጣል፣ ከንዳድ ግን ይተርፋል። ተመራማሪዎቹ ቺፑን ይዘው ሽቅብ አየሩን ሲጠይቁ፣ ቺፑ ቁልቁል ስለ ቆላው መለሰላቸው። ይህን ከወባ ጋር ማያያዙ የእኔ ንባብ ነው፤ ግን ደጋና ቆላን በአንድ ቀን መንገድ ለሚያቋርጥ አገር እንግዳ መልስ አይደለም።

በዚያው ዓመት የሣራ ቲሽኮፍ ቡድን፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ጉርጃ በላይ ያሉበት፣ በአማራ ደገኞች ላይ ባደረገው የቺፕ ጥናት ሌሎች ጂኖችን ጠቆመ። በዚያው ዓመት ሉካ ፓጋኒ፣ እንዳሻው በቀለና ባልደረቦቻቸው ከአሥር የኢትዮጵያና ከሁለት የጎረቤት ሕዝቦች የተውጣጡ 235 ሰዎችን አንድ ሚሊዮን ገደማ ጥያቄ ባለው ቺፕ መርምረው አሳተሙ፤ የእነሱ ጉዳይ ከፍታ ሳይሆን የሕዝቦች ታሪክና ቋንቋ ነበር። በ2013 ኤሚሊያ ሁዌርታ-ሳንቼዝና ባልደረቦቿ ያንኑ መረጃ ወስደው ስለ ከፍታ ጠየቁት፤ ሌላ ጂን ወጣ። ሦስት ጥናት፣ ሦስት ዝርዝር። የቲቤት ቡድኖች አንድ ጂን ላይ ሲገናኙ የእኛዎቹ ተለያዩ።

ለምን? አንዱ ምክንያት ንጽጽሩ የተለያየ መሆኑ ነው፤ አንዱ ቡድን ከአንድ ሕዝብ ደገኛና ቆለኛን ሲያወዳድር ሌላው ሕዝብን ከሕዝብ አወዳደረ። ሌላው ምክንያት ግን አውቶቡሱ ነው። በየትውልዱ የወላጆች ዲኤንኤ እየተቆረጠ ይቀላቀላል፤ ስለዚህ አብረው የሚጓዙት ፊደላት ከዘመን ወደ ዘመን ይለያያሉ። የሰው ዘር ከአፍሪካ ሲወጣ የወጣው ጥቂት ሕዝብ ነው፤ ስለዚህ በሌላው ዓለም ቁራጮቹ ረጃጅም ናቸው። እዚህ የቀረው ሕዝብ ግን ብዙና ጥንታዊ ስለሆነ ቁራጮቹ አጫጭር ናቸው። አውቶቡሱ ሚኒባስ ሆኗል በሉት። የምታውቁት ሰው ሲወርድ አብረውት የሚወርዱት ጥቂቶች ብቻ ናቸው፤ ለአውሮፓ የሚበቃ የጥያቄ ብዛት እዚህ አይበቃም። የምትፈልጉት ለውጥ ደግሞ ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ያለ ከሆነ፣ ያ ከኢባዳንና ከዩታ የተሰበሰበ ዝርዝር አያውቀውም።

የቀረው መንገድ ምርጫውን ትቶ ድርሰቱን በሙሉ ማንበብ ነበር። በ2014 አንድ ቡድን የ13 ኢትዮጵያውያን ደገኞችን ሙሉ ዲኤንኤ ፊደል በፊደል አንብቦ አሳተመ። 13 ሰው ብቻ! ከ235ቱ ጋር ሲተያይ እዚህ ግባ የሚባል አይመስልም፤ ግን ለእያንዳንዱ ሰው ሚሊዮን ጥያቄ ሳይሆን ቢሊዮን ፊደል ተነቧል። ክሮሞሶም 19 ላይ ስምንት ጂኖች የያዘ ሰፈር ጎልቶ ወጣ፤ እዚያ ቦታ የደገኞቹ ጽሑፍ እርስ በርስ ከሚጠበቀው በላይ ይመሳሰላል፣ ይህም ተፈጥሮ አንዱን ቅጂ መርጣ እንዳበዛችው ያመለክታል። እነሱ ግን እዚህ አላቆሙም። ከጂኖቹ የሦስቱን አቻ ትንሿ የፍራፍሬ ዝንብ ውስጥ ፈልገው ሥራቸውን አዳከሙና ዝንቦቹን ኦክስጅን ባነሰበት ቦታ አስቀመጧቸው። ዝንቦቹ ከሌሎቹ በተሻለ ሁኔታ ተረፉ። በእኔ አስተያየት ከዚህ ታሪክ ውስጥ ጠንካራው ማስረጃ ይህ ነው፤ ቺፕም ሆነ ንባብ ጥርጣሬ ብቻ ነው የሚሰጡት፣ ዝንቧ ግን ወይ ትሞታለች ወይ ትተርፋለች።

“የአትሌቶቻችንስ ጂን?” ማለታችሁ አይቀርም። ማሞ ወልዴ በ1968 ሜክሲኮ ላይ፣ 2,240 ሜትር ከፍታ ላይ ማራቶንን ካሸነፈ ወዲህ ይህ ጥያቄ አልተኛም። በ2005 የታተመ ጥናት የኢትዮጵያ ታላላቅ ሯጮችን የሚቶኮንድሪያ ዲኤንኤ ከሌላው ሕዝብ ጋር አነጻጽሮ ልዩነት አላገኘም። ብዙ የተወራለት ኤሲኢ የተባለ ጂንም በ2011 በኢትዮጵያውያን ሯጮች ላይ ተፈትሾ ግንኙነት ሳይገኝበት ቀረ። የእንጦጦ ሯጭ ጂን የሚባል ነገር አልተገኘም፤ የእንጦጦ ዳገት ግን አለ።

ሆስፒታል ውስጥ

ይህ ሁሉ ለተራራ ወሬ ብቻ አይደለም። በ1996፣ ያ 135,000 ክር ያለው ቺፕ በወጣበት ዓመት፣ እሌኒ አክሊሉና ስዊድን ያሉ ባልደረቦቿ ስለ አንድ የጉበት ጂን አንድ ጽሑፍ አሳተሙ። ጂኑ ሲዋይፒ2ዲ6 ይባላል፤ ብዙ መድኃኒቶችን ሰባብሮ የሚያስወግድ ወይም የሚቀይር ኢንዛይም ይሠራል። አብዛኛው ሰው ከእናቱ አንድ፣ ከአባቱ አንድ ቅጂ አለው። እነሱ ከመረመሯቸው ኢትዮጵያውያን ውስጥ 29 በመቶው ግን ተጨማሪ ቅጂ ነበራቸው። ስዊድን ውስጥ ይህ የሚገኘው ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ሰው ላይ ነው።

ትርፍ ቅጂ ምን ችግር አለው? ለምሳሌ ኮዴይን የሚባለውን የሕመም ማስታገሻና የሳል መድኃኒት እንውሰድ። ኮዴይን ራሱ ብዙም አይሠራም፤ ይህ ኢንዛይም ወደ ሞርፊን ሲቀይረው ነው የሚሠራው። ትርፍ ቅጂ ያለው ሰው ሞርፊኑን በፍጥነትና በብዛት ያመርታል፤ በተለይ ለሕፃን ልጅ ትንፋሽ እስከማቆም ሊያደርስ ይችላል። ሐኪሙ ትክክለኛውን መጠን አዝዞ፣ እናት በትክክል ሰጥታ፣ ጉዳቱ ግን ይደርሳል።

በ2004 መጨረሻ አምፕሊቺፕ የተባለ የሮሽ ኩባንያ ምርት ለሕክምና አገልግሎት ከአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ፈቃድ ያገኘ የመጀመሪያው የዲኤንኤ ቺፕ ሆነ። የሚመረምረው ሁለት ጂኖችን ብቻ ነው፤ አንዱ ሲዋይፒ2ዲ6 ነው፣ የተባዛ ቅጂንም ይለያል። ያንን ጥያቄ ቺፑ ላይ መጻፍ የተቻለው መባዛቱ ከዚያ በፊት በሌላ ዘዴ፣ ሰው በሰው ተፈልጎ ስለተገኘ ነው። ቺፑ አላገኘውም፤ ተነግሮት ነው።

ዝርዝሩም ከዚያ ወዲህ ተለውጧል። በ2015 የታተመው የአፍሪካ የጂኖም ልዩነት ጥናት አማራ፣ ኦሮሞና ሶማሌ ናሙናዎችን አካትቷል፤ ሙሉ ዲኤንኤያቸው ከተነበበው 320 ሰዎች መካከልም ኢትዮጵያውያን አሉበት። ኤች3አፍሪካ በሚባለው የአህጉሪቱ ሳይንቲስቶች ትብብር የተሠራው ቺፕ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ጥያቄዎች አሉት፤ የተመረጡትም አፍሪካውያንን በማንበብ ነው። በዚያው በ2015 የኢትዮጵያ የምግብ፣ የመድኃኒትና የጤና ክብካቤ አስተዳደርና ቁጥጥር ባለሥልጣን ኮዴይን ያለባቸውን መድኃኒቶች አገደ። ምክንያት አድርጎ የጠቀሰውም ያንን 29 በመቶ ነበር።